ማራቶንና እረፍት ባንድ ጉዞ፦ ከደሴ ተነስተን የት ሄደን ብንሮጥ ይሻላል?

የጦሳ ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እኔና ጓደኛዬ ደሴ ነው ምንሮጠው፣ ስራ ሳንገባ ጠዋት ጠዋት ሆጤ ወይ ደሞ ወደ ቦሩ ሜዳ፣ እሁድ ረጅሙን። ግማሽ ማራቶን ሮጠናል፣ ቀጥሎ ሙሉውን 42 ከ195 መሞከር ነው ሀሳባችን። ሚስቶቻችን እሁድን ለኛ ሩጫ እየለቀቁልን ስለኖሩ በዚህ አጋጣሚ እነሱንም ይዘን ከአገር ወጣ ብለን፣ ሮጠን፣ ከዛ ሳምንት አስር ቀን አርፈን ብንመለስ ብለን አራታችንም ተስማምተናል። ለዚሁ ብለን እቁብ ገብተናል፣ እቁቡ ሲወጣ አንዴ የምንጠቀምበት ብር ስለሆነ በደንብ አስበን መምረጥ እንፈልጋለን።

ሁኔታችን ይሄ ነው። የኔ ባለቤት አትሮጥም ግን በእግር መሄድና አዲስ ቦታ ማየት ትወዳለች። የጓደኛዬ ሚስት 10 ኪሎ ትሮጣለች። እኔ ሙስሊም ነኝ ጓደኛዬ ኦርቶዶክስ ነው፣ ስለዚህ የፆሙ ነገር በሁለቱም በኩል መታየት አለበት። ብራችን አውሮፓ ሁለት ቤተሰብ አስር ቀን የሚያኖር አይመስለኝም። እስካሁን ያሰብናቸው ዱባይ፣ ኪሊማንጃሮና ናይሮቢ ናቸው።

ሌላው ግራ ያጋባን የመንገዱ ነገር ነው። የመጀመሪያ ማራቶን ከሆነ ጠፍጣፋ ምረጡ ይላል ሰው ሁሉ። እኛ ደሞ ከቤት ስንወጣ አቀበት ስንመለስ ቁልቁለት የሆነ ከተማ ውስጥ ነው ምንሰለጥነው። የሮጣችሁም ያልሮጣችሁም ሀሳባችሁን አካፍሉን።

ኮምቦልቻዊት፦

ዱባይ ሂዱ ወንድሜ ምንም አትጠራጠር። ጥር አካባቢ ነው ሚደረገው፣ ያኔ የዱባይ ጠዋት ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ በበጋ እንደምንሰማው ቃጠሎ አደለም። መንገዱ ደሞ ጠረጴዛ ነው፣ ባህሩን ተከትሎ ሄዶ መመለስ ነው። ኃይሌ በ2008 እ.ኤ.አ. 2፡04፡53 የገባበት ውድድር ነው፣ የኛ ልጆች በወንድም በሴትም ስንቴ እንዳሸነፉበት ራስህ ታውቀዋለህ፣ ዳር ቆሞ በአማርኛ ሚጮህልህ ሰው አታጣም። ለሚስቶቻችሁም ገበያው ባህሩ ሁሉም አለ። የውድድሩንም ቀን ፆም አይነካውም፣ የገና ፆም አልቋል ረመዳን ገና ነው።

ኮሮኮንች፦

የጦሳ ልጅ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ረዘም አርጌ ልመልስልህ።

ሰው ማራቶን ሲመርጥ ውድድሩ የሚውልበትን ቀን ብቻ ነው ሚያየው። እኔ ከዛ ቀን 16 ሳምንት ወደ ኋላ ቁጠሩ ነው ምለው። የማራቶን ስራ ሚሰራው በነዛ አራት ወሮች ነው፣ እሱም እዚሁ ደሴ ነው ሚሰራው፣ እና ያ አራት ወር እኛ ጋር ምን ላይ እንደሚወድቅ ካላያችሁ ከተማው ምንም ቢያምር እግራችሁ ባዶ ሆኖ ነው ምትደርሱት። ረጅም ሩጫው 30 እና ከዛ በላይ ሚደርስባቸው ሳምንታት አሉ፣ ከውድድሩ በፊት ካለው ከስምንተኛው እስከ ሶስተኛው ሳምንት ማለት ነው፣ እነሱ ላይ በደንብ ካልበላህ ካልጠጣህ ካልተኛህ ጉዳት ነው ሚከተልህ። ስለዚህ እንደዚህ እየቆጠራችሁ እዩት፦

ኪሊማንጃሮ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው፣ የኛ የካቲት። ረመዳን በየአመቱ አስር አስራ አንድ ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ በነዚህ አመታት የካቲትን እየያዘ ነው፣ ዐቢይ ፆምም እዛው አካባቢ ይገባል። ውድድሩ ራሱ ፆም ላይ ወደቀ ማለት ነው። ሚሮጠው ታንዛኒያ ሞሺ ከተማ ነው፣ ከባህር ወለል 900 ሜትር ገደማ ላይ፣ ይሞቃል፣ አቀበትም አለው። ተራራውን እያየህ መሮጥ ደስ ይላል ግን ለናንተ አሁን አይሆንም።

ዱባይን ኮምቦልቻዊት ያለችው እውነት ነው፣ በልምምዱ ወር አየር ካየነው እንደውም ከሁሉም እሱ ነው ሚመቸው። ከመስከረም እስከ ጥር ደሴ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ከጠዋት ብርዱና ረጅም ሩጫዎቹ ላይ ከሚወድቀው ከጓደኛህ የገና ፆም ውጪ ምንም አይከለክላችሁም። እኔ ዱባይን ማልመርጥላችሁ በሌላ ምክንያት ነው። አንደኛ ጠፍጣፋ መንገድ ቀላል ነው ሚባለው ጠፍጣፋ ላይ ለሰለጠነ ሰው ነው። አቀበት ቁልቁለት ላይ ስትሮጥ ስራው ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ መቀመጫ እየተቀያየረ አንዱ ሲሰራ ሌላው ፋታ ያገኛል፣ ጠፍጣፋ አስፋልት ላይ ግን 42 ኪሎ ሙሉ ያው ጡንቻ በያው እርምጃ ነው ሚመታው፣ ደሴ ውስጥ ይሄን ለመለማመድ ሁሌ ቦሩ ሜዳ ድረስ መመላለስ ሊኖርባችሁ ነው። ሁለተኛ እኛ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምንኖር ደማችን ውስጥ ኦክስጅን ሚሸከመው ቀይ የደም ሴል በርከት ይላል፣ ባህር ዳርቻ ስንወርድ ትንፋሽ ይቀለናል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሚሮጥ ሰው ትንፋሹ ስለቀለለው ብቻ ከአቅሙ በላይ ይፈጥንና ከ30 ኪሎ በኋላ እግሩ እምቢ ይለዋል። ሰዓት ይዞ፣ በልምምድ የሮጠበትን ፍጥነት ይዞ መውጣት ሚችል ሰው ከሆናችሁ ችግር የለውም። ሶስተኛው ወጪ ነው፣ የአራት ሰው ቪዛና ዱባይ ውስጥ አስር ቀን ሆቴል ቀልድ አደለም።

ናይሮቢ። እኔ ብሆን ይሄን ነው ምመርጠው። ብዙ ጊዜ በኦክቶበር መጨረሻ ነው ሚሮጠው፣ ጥቅምት አጋማሽ ማለት ነው። ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ልምምዱ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ይሆናል። ረመዳን የለበትም። ከኦርቶዶክሱ በኩል ፍልሰታ አለ፣ እሱም ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ነው፣ ጓደኛህ ፅጌንም ሚፆም ከሆነ በፈቃድ ሚፆም ስለሆነ ከራሱ ጋር ይመካከር። ሚያስቸግራችሁ ክረምቱ ነው። ግን የናይሮቢ ከፍታ 1800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻም 1850 ገደማ፣ እና ደሴ ላይ ዝናቡና ጉሙ ሲበዛባችሁ ወረድ ብላችሁ ኮምቦልቻ ብትሮጡ ልክ የውድድሩን ከፍታ ነው ምትለማመዱት። ይሄን እድል ያለው ሯጭ ስንት ነው? መንገዱ ከቅርብ አመታት ወዲህ ሳውዘርን ባይፓስ ሚባለው ሰፊ አስፋልት ላይ ነው፣ ወጣ ገባ ይላል፣ ለደሴ ልጅ ሚያስፈራ አደለም። ከሙሉው ጋር ግማሽም 10 ኪሎም አጭር የቤተሰብ ሩጫም ስላለው የጓደኛህ ሚስት አስሩን፣ ያንተ ባለቤት አጭሩን እየተራመደች መግባት ይችላሉ፣ አራታችሁም ቁጥር ለጥፋችሁ ነው ምትወጡት። ለኬንያ ደሞ ቪዛ አንጠየቅም።

የሀይቅ ዳር፦

ኮሮኮንች ስለ ሩጫው ጨርሶታል፣ እኔ ስለማይሮጡት ልጨምር፣ ምክንያቱም እነዚህን ሴቶች ማንም ሚያስብላቸው የለም። ባለቤቴ ሯጭ ነው፣ አብሬው ናይሮቢ ሄጃለሁ።

መጀመሪያ ማለት ምፈልገው እረፍቱን ከሩጫው በኋላ አርጉት። ከውድድሩ በፊት ያሉት ቀናት የእረፍት ቀን አደሉም፣ ሯጩ ብዙ መራመድ የለበትም፣ ያልለመደውን ምግብ መብላት የለበትም፣ በጊዜ መተኛት አለበት፣ አንቺ ደሞ አገር ለማየት ነው የሄድሽው፣ በዚ የተነሳ ባልና ሚስት ተኮራርፈው ሚመለሱ አይቻለሁ። ሐሙስ ወይ አርብ ግቡ፣ ቁጥራችሁን ውሰዱ፣ እሁድ ሩጡ፣ ከሰኞ ጀምሮ የሚስቶቻችሁ ጊዜ ይሁን። እስከ ቅዳሜ ባለው ጊዜ ሴቶቹ ብቻቸውን ሚሄዱበት ቅርብ ቦታ አለ፦ ላንጋታ ያለው የቀጭኔዎቹ ቦታ፣ በእጅሽ ነው ምታበያቸው። እናታቸውን ያጡ የዝሆን ግልገሎች ሚያድጉበትም እዛው አቅራቢያ ነው፣ በኛ ሰዓት አቆጣጠር ከ5 እስከ 6 ሰዓት ጠዋት ብቻ ነው ለጎብኚ ክፍት ሚሆነው፣ አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ደሞ ከተማው ጫፍ ላይ ነው፣ አንበሳና አውራሪስ አለ፣ ከኋላው ፎቆቹ ይታያሉ። ሰኞ እለት ወንዶቹ እግራቸው ስለማይታዘዝ በመኪና ተቀምጦ ሚታይ ነገር ነው ሚሻለው፣ ፓርኩን ለዛ ቀን አስቀሩት።

ከዛ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ሞምባሳ በባቡር። ሲዮኪማው ከሚባለው ጣቢያ ነው ሚነሳው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አዲሱ ሀዲድ ነው፣ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ ፃቮ ፓርክን አቋርጦ ስለሚያልፍ በመስኮት ዝሆን ማየት አለ፣ እኔ አይቻለሁ፣ ቀይ አፈር ስለሚነሰንሱ ቀይ ነው ሚመስሉት። ቲኬቱን ቀድማችሁ ያዙ፣ ቶሎ ያልቃል። ወንዶቹ እየተነሱ በፉርጎው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይበሉ እግራቸው እንዳይደርቅ። ሞምባሳ ስትደርሱ ባህር ነው በቃ። አሮጌው ከተማ በጠባብ መንገድ፣ በተቀረፀ የእንጨት በርና በጥንት መስጊድ የተሞላ ነው፣ ፖርቱጋሎች በ1590ዎቹ የሰሩት ፎርት ጂሰስ ምሽግም እዛው ነው። ምግቡ ፒላው ሚባል ቅመም የገባበት ሩዝ ነው፣ ኮኮናት የገባበት አሳ ነው፣ ሁሉም ቦታ ሀላል ታገኛላችሁ። ባህር አይታ ለማታውቅ የደሴ ሴት እኔ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ በዛ ወር አነስተኛው የዝናብ ወቅታቸው ይጀምራል፣ አንዳንድ ቀን ከሰዓት ሊዘንብባችሁ ይችላል።

ባዶ እግር፦

ሁላችሁም ያላችሁት ልክ ነው፣ ግን ማንም ሮምን ሳያነሳ እንዴት አለፈ? ኢትዮጵያዊ ሆኖ ማራቶን ለሚሮጥ ሰው ሮም ሌላ ነገር ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ማታ፣ የዋዜማው እለት፣ እዚ አገር ሰው እንቁጣጣሽን ሊቀበል ችቦ ሲያበራ እዛ ደሞ ወታደሮች በያዙት ችቦ መሀል አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ይሮጥ ነበር። የኛው የአክሱም ሀውልት ያኔ እዛ ቆሞ ነበር፣ እሱ ጋ ሲደርስ ነው አብሮት ሲሮጥ የነበረውን ሞሮኳዊ ጥሎት የወጣው፣ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ስር 2፡15፡16 ገባ። ሀውልቱም በ1997 ወዳገሩ ተመልሷል። በ2010 እ.ኤ.አ. የሃምሳኛ አመቱ ጊዜ ደሞ ሲራጅ ገና ሚባለው ልጃችን የሮምን ማራቶን እየመራ መጨረሻው ላይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገብቶ አሸንፏል። እኔ ይሄን ሳስብ አሁንም እንባዬ ይመጣል።

የሮም ማራቶን ማርች ላይ ስለሆነ በነዚህ አመታት ልምምዱ በሁለቱም ፆም ላይ እንደሚወድቅባችሁ ከኮሮኮንች ቆጠራ ገብቶኛል። ጥርብ ድንጋይ ላይ ሚሮጥበት ብዙ ቦታ አለ፣ ለቁርጭምጭሚት ከባድ ነው። ሸንገን ሚባለው የአውሮፓ ቪዛም አለ፣ ማመልከት ሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው። ረመዳን ከማርች ርቆ ሲሄድ አስቡት። አሁን ናይሮቢን ሩጡ፣ ሮምን ግን ከልባችሁ አታውጡት።

ገራዶ፦

የሩዋንዳዋን ኪጋሊን ያነሳ የለም እንዴ? የሰላም ማራቶን ሚባል አላቸው ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሚደረግ፣ ጁን ላይ ነው፣ በኛ ግንቦት መጨረሻ ሰኔ መጀመሪያ። ያኔ እነሱ ጋ ዝናቡ አቁሟል። ከተማው ንፁህ ነው፣ ፀጥ ያለ ነው፣ ኮረብታ በኮረብታ ስለሆነ ደሴ ያለህ ነው ሚመስልህ፣ አፍሪካዊ ለቪዛ አይከፍልም፣ ውድድር ሳይሆን ለሰላም ተብሎ ሚሮጥ 10 ኪሎም አለው ሚስቶቻችሁ እዛ መግባት ይችላሉ። ጊሶዚ ያለው የዘር ጭፍጨፋው መታሰቢያ ቦታ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው ያረፈበት ነው። ከባድ ነው፣ ግን እኛ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች በ2014 ያየነውን ስላየን ከዛ በኋላ ህዝቡ አብሮ ሲሮጥ ማየት የተለየ ስሜት ይሰጣል። ኪቩ ሀይቅ ላይ ካሮንጊ ሄዶ ማረፍ ይቻላል። ፌስታል ይዛችሁ እንዳትገቡ ብቻ፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው ኤርፖርት ላይ ይቀሟችኋል።

የጦሳ ልጅ፦

አላህ ይስጥልን፣ ይሄን ሁሉ አልጠበቅንም ነበር። ትናንት ማታ አራታችንም ቁጭ ብለን አንብበነዋል። የሀይቅ ዳር እህታችን የፃፍሽውን ባለቤቴ ሁለቴ ነው ያነበበችው፣ የባቡሩን ነገር በተለይ።

ገራዶ፣ ኪጋሊ ሁላችንንም ነክቶናል፣ ከናይሮቢ ጋር ነው ያመዛዘንነው። ግን ኮሮኮንች እንዳለው ወደ ኋላ ስንቆጥር ልምምዱ ከየካቲት መጀመሪያ ነው ሚጀምረው፣ እና ረመዳን መጀመሪያው ላይ፣ ዐቢይ ፆም ደሞ ረጅም ሩጫዎቹ ጋ ሊደርስ ነው። ጓደኛዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው ሚፆመው፣ 30 ኪሎ ሮጦ ውሃ ሳይጠጣ ሊቆይ አይችልም፣ ፆሙን ደሞ አይፈታም፣ እኔም እንዲፈታ አልፈልግም። ስለዚህ ወደ ናይሮቢ አዘንብለናል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ደሴ ላይ ሐምሌና ነሐሴን እንዴት ነው ምንሰለጥነው? ረጅሙንስ ከደሴ ኮምቦልቻ እየወረድን ብንሮጠው ምን ይመስላችኋል፣ ርቀቱ 25 ኪሎ ገደማ ስለሆነ አጓጉቶናል።

ኮሮኮንች፦

የደሴ ኮምቦልቻን አስፋልት ተዉት። ዶሮ መዝለያ ጋ ያለውን ጥምዝ ታውቀዋለህ፣ ከጅቡቲ ሚመጣ ብዙ ከባድ መኪና ሚያልፍበት ነው፣ ዳር ሚባል ነገር የለውም፣ ጉም ሲሆን ደሞ ሹፌሩ አያያችሁም። ሌላው ያን ያህል ቁልቁለት ባንዴ መሮጥ የፊት ጭንን ነው ሚገድለው። ቁልቁል ስትወርድ ጡንቻው እየተለጠጠ ነው ሰውነትህን ሚይዘው፣ በዛ የተነሳ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል፣ ሳምንት ሙሉ ደረጃ መውረድ ያቅትሃል ቀጣዩ ልምምድ ይበላሻል። በሚኒባስ ውረዱና ታች ሩጡ፣ በሚኒባስ ተመለሱ።

ክረምቱን በሚመለከት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መውጣት ነው። ጭቃ ውስጥ ኮሮኮንች አትሩጡ፣ ቁርጭምጭሚት ይሄዳል፣ በዛ ወር አስፋልት ላይ ቆዩ። በሳምንት አንድ ቀን አቀበት፣ አንድ ቀን ፈጠን ያለ፣ እሁድ ረጅም፣ ሌላው ቀን ሁሉ እያወራህ ሚሮጥ ዝግ ያለ። ረጅሙን በየሳምንቱ አትጨምሩ፣ ሁለት ሶስት ሳምንት ጨምራችሁ አንዱን ቀንሱ። ፍልሰታ ሁለቱ ሳምንት ላይ የጓደኛህን ረጅም ሩጫ አሳጥሩለት፣ ወቅቱ ገና ስለሆነ ምንም አያጣም። ከመስከረም ጀምሮ ሰማዩ ይገለጣል፣ ትልልቆቹ ሩጫዎች ያኔ ናቸው። መጨረሻ ሁለት ሶስት ሳምንት ላይ ኪሎሜትሩን ቀንሱ፣ እዛ ጋ ሰው ሁሉ ይጨነቃል፣ አትጨነቁ።

ለጉዞው ደሞ የምትሮጡበትን ጫማ፣ ካልሲና ቁምጣ ሻንጣ ውስጥ አስገብታችሁ አትላኩ፣ በእጃችሁ ያዙ። ሻንጣ ቢዘገይ በሶስት ቀን ውስጥ እግርህ የለመደው ጫማ ከየትም አይገዛም። በሶና ቆሎ ያዙ፣ ሆዳችሁ የለመደው እሱን ነው፣ እንጀራም ናይሮቢ ሞልቷል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋችኋል፣ ክትባቱ ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው ሚፀናው ስለዚህ ለመጨረሻ ሳምንት አታቆዩት። ፓስፖርታችሁ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ሚቆይ መሆኑን እዩ። የውጭ ምንዛሬውን ባንክ ፓስፖርትና ቲኬት ይዛችሁ ነው ምትጠይቁት። ለውድድሩ መመዝገቢያ በኦንላይን በካርድ ነው ሚከፈለው፣ የውጭ ክፍያ ሚሰራ ካርድ ከባንካችሁ አስቀድማችሁ አውጡ፣ አለበለዚያ ውጭ ያለ ዘመድ ይክፈልላችሁ።

ኮምቦልቻዊት፦

ዱባይን እንደናቃችሁብኝ አልቆጥረውም፣ ለሚቀጥለው አመት ይሁንላችሁ፣ አሁንም ለሩጫው ብቻ ከሆነ እሱ ይሻላል ነው ምለው። ኮምቦልቻ ምትወርዱበትን እሁድ ግን ንገሩን። እኛ ጋ እሁድ ጠዋት ሚሮጡ ሴቶችም ወንዶችም አለን፣ ከኤርፖርቱ በኩል ጠዋት መኪና ሚቀንስበትን መንገድ እናውቀዋለን፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለሚሞቅ በጊዜ ድረሱ። የጓደኛህ ሚስትም ትምጣ፣ አስር ኪሎ ሚሮጡ አሉን፣ ባለቤትህም ትምጣ ከሚራመዱት ጋ ትሄዳለች። ከሩጫ በኋላ ቁርስ በኛ ነው።

የጦሳ ልጅ፦

እህቴ ኮምቦልቻዊት አላህ ያክብርሽ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ እንመጣለን ኢንሻአላህ፣ አራታችንም። የአውሮፕላኑንም ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ነው ምናደርገው ብለናል፣ አውቶብስ ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ከመሄድ እግራችንን ይጠብቅልናል።

ባዶ እግር፣ ያልከውን ለጓደኛዬ ጮክ ብዬ አንብቤለታለሁ፣ ዝም ብሎ ሰማኝና ሮምን ለ40ኛ ልደቴ ያዝልኝ አለኝ፣ ገና ነው።

የኔና የጓደኛዬ ፓስፖርት አለ፣ የሴቶቹ ገና ነው፣ ሰኞ ማመልከቻውን እንጀምራለን። የሀይቅ ዳር እህታችን፣ ሞምባሳ ላይ ለሁለት ቤተሰብ ሚሆን ባህሩ አጠገብ ያለ ብዙ ማያስከፍል ማረፊያ ምታውቂው ካለ ሰፈሩን ብትነግሪን ደስ ይለናል፣ ባለቤቴ መልስሽን እየጠበቀች ነው።

የሀይቅ ዳር፦

ኒያሊ ወይ ባምቡሪ ፈልጉ፣ ሁለቱም ከከተማው በስተሰሜን ያሉ የባህር ዳርቻ ሰፈሮች ናቸው። ሆቴል ከምትይዙ ሁለት መኝታ ያለው ከነኩሽናው ሚከራይ ቤት ያዙ፣ ለአራት ሰው በጣም ይቀንሳል፣ አሳውን ከገበያ ገዝታችሁ ራሳችሁ ትሰራላችሁ። ለባለቤትህ ሰፊ ቀለል ያለ ቀሚስ እንድትይዝ ንገራት፣ እንደ ደሴ እንዳይመስላት፣ ማታም ይሞቃል።